መሐንዲስ ሕግ ስለተማረ ብቻ የፓተንት ጠበቃ አይሆንም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፦

የምህንድስና ተመራቂዎች ሊሰማሩባቸው የሚችሉ ሙያዎችን በዘረዘራችሁበት ጽሑፍ የአእምሯዊ ንብረት ጥብቅናን በምህንድስና ላይ ሕግ የጨመረ ሰው የሚሠራው ሥራ ነው ብላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፋችሁታል። ብዙ ወጣት ሙያው መኖሩን እንኳ ስለማያውቅ መስኩን ማንሳታችሁ ያስመሰግናችኋል። አገላለጹ ግን አንባቢን ሊያሳስት ይችላል። ሁለቱን ዲግሪ የያዘ ሁሉ ይህን ሥራ አይችልም፤ አሳምረው ከሚሠሩት መካከልም የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ አሉ። ለዚህም ነው ሥራውን ከውስጥ የምናውቅ አንባቢዎቻችሁ ይህን ደብዳቤ የጻፍንላችሁ።

ፓተንት ሌላ ሰው ፈጠራውን እንዳይሠራ የሚከለክል መብት ነው፤ እሱን የማስገኘት ሥራ እምብርት ደግሞ ክሌም የሚባለው ጽሑፍ ነው። የፓተንት ማመልከቻ መግለጫ፣ ሥዕልና ክሌም አለው። መግለጫው ፈጠራው እንዴት እንደሚሠራ ያስተምራል፤ ክሌሙ ደግሞ የባለመብቱን ድንበር ይከልላል። ክሌም የቱንም ያህል ቢረዝም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። ጥሰት ተፈጸመ የሚባለውም በዚያ ዓረፍተ ነገር የተዘረዘረው እያንዳንዱ ነገር፣ ወይም አቻው፣ በተከሳሹ ምርት ላይ ሲገኝ ነው። ከተዘረዘሩት አንዱ ከጎደለ ተከሳሹ ነጻ ይወጣል። ስለዚህ በክሌም ላይ የተጨመረ ቃል ሁሉ ድንበሩን ያጠባል። መሐንዲስ የሠለጠነው ዝርዝር ለመስጠት ነው፤ ልኩን፣ የብረቱን ዓይነት፣ የብሎኑን ቁጥር ካልጻፈ ሥራው የጎደለ ይመስለዋል። እዚህ ግን ከባዱ ነገር የቱ መቅረት እንዳለበት መለየት ነው።

ምሳሌ እንስጥ። በውኃ መስመር ላይ የሚገጠም፣ ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ አለ እንበል። አሸዋ ያዘለ ውኃ ሲያልፍበት ደቃቅ ጠጠር በመዝጊያውና በመቀመጫው መካከል ይሰነቀርና ቫልቩ ያፈሳል። አንድ መሐንዲስ የመግቢያውን ቀዳዳ 12 ዲግሪ አዘንብሎ ሠራው። ውኃው እየተሽከረከረ ስለሚገባ መቀመጫውን አጥቦ ያልፋል፤ ጠጠሩም አያርፍም። ፈጠራህ ምንድን ነው ሲባል የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ የናስ አካል፣ የብረት ሞላ፣ ክብ መዝጊያና በ12 ዲግሪ ያዘነበለ ቀዳዳ ያለው ቫልቭ የሚል ነው። ይህ እንዳለ ክሌም ሆኖ ቢገባ ተፎካካሪው አካሉን በፕላስቲክ ይሠራና ያመልጣል። ወይም ሞላውን በጎማ ይተካል፤ ወይም ቀዳዳውን 20 ዲግሪ ያዘነብላል። ናሱም ሞላውም ለፈጠራው ያበረከቱት ነገር የለም። ጠጠሩን ያስወገደው የውኃው ሽክርክሪት ነው።

የምህንድስና እውቀት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው ፈሳሽ በቧንቧ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ከሆነ ወዲያው ይጠይቃል፦ ቀዳዳውን ሳናዘነብል ውኃውን የሚያሽከረክር ሌላ መንገድ አለ? አለ፤ በመግቢያው ውስጥ የሚተከሉ ትናንሽ ክንፎች ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። እንግዲያው ክሌሙ አካልን፣ መቀመጫን፣ መዝጊያንና የሚገባው ውኃ በመቀመጫው ዙሪያ እንዲሽከረከር የሚያደርግ ክፍልን ይዞ ሊጻፍ ይችላል። ነገር ግን አንድን ክፍል በሚሠራው ሥራ ብቻ መጥራት አደጋ አለው። በአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለ አገላለጽ በመግለጫው ውስጥ በተጻፈው አሠራርና በአቻዎቹ ብቻ ተወስኖ ሊተረጎም ይችላል። መግለጫው ያዘነበለ ቀዳዳ ብቻ አሳይቶ ክንፎቹን ካላነሳ፣ ሰፊ የመሰለው ክሌም ፍርድ ቤት ሲደርስ ይሸበሸባል። ስለዚህ ፈጣሪው አንድም ቀን ባይሠራቸው እንኳ ክንፎቹ በሥዕልና በጽሑፍ መግባት አለባቸው። ሕጉን ብቻ የሚያውቅ ሰው ክንፍ የሚባል ነገር ትዝ አይለውም፤ ምህንድስናውን ብቻ የሚያውቅ ደግሞ አለመጻፉ ምን እንደሚያስከፍለው አያውቅም።

12 ዲግሪውም አይጣልም። በዋናው ክሌም ሥር በሚደረደሩት ጥገኛ ክሌሞች ውስጥ ደረጃ በደረጃ ይቀመጣል፦ ከ5 እስከ 30 ዲግሪ፣ ይበልጥ ተመራጭ ከ8 እስከ 18፣ ከሁሉም ተመራጭ 12። ምክንያቱም ማመልከቻውን የሚመዝነው የፓተንት ጽሕፈት ቤቱ መርማሪ 25 ዲግሪ ያለበት የቆየ ሰነድ ቢያገኝ ወደ ኋላ ማፈግፈጊያ ስፍራ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ቀን ያልተጻፈ ቁጥር በኋላ አይጨመርም። በተለይ በአውሮፓ የፓተንት ስምምነት አንቀጽ 123 ንዑስ አንቀጽ 2 መሠረት፣ ማሻሻያው በቀጥታና ያለ ጥርጥር ከመጀመሪያው ማመልከቻ የሚገኝ ካልሆነ ውድቅ ነው። ለክልሉ ጫፎችም የሙከራ ውጤት ማስፈር ይገባል፤ በ12 ብቻ የተሞከረን ነገር ከ5 እስከ 30 ይሠራል ብሎ የጻፈ ሰው መከላከያ ሊያጣ ይችላል።

ስለ ቃላት ትንሽ እንቆይ፤ ጀማሪዎች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ነውና። አንድ ቫልቭ ሦስት ክፍል «ያካተተ» ሲባል አራተኛ የጨመረ ተፎካካሪም ይያዛል። ከሦስት ክፍል «ብቻ የተሠራ» ከተባለ ግን አራተኛውን የጨመረ ይወጣል። አንድን ነገር በሁለት ስም መጥራትም ክልክል ነው። በገጽ 3 መዝጊያ የተባለው በገጽ 7 ክዳን ከተባለ ተከራካሪው ሁለት የተለያዩ ክፍሎች ናቸው ብሎ ይነሣል። በሌላ ጽሑፍ ቃል መደጋገም ያሰለቻል፤ እዚህ ግን ድግግሞሹ ጥበቃ ነው። አንድ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠቀስ ሳይተዋወቅ «መዝጊያው» ተብሎ ከገባም መርማሪው የትኛው መዝጊያ ብሎ ይመልሰዋል። ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጎም ደግሞ ይህ ዓይነት ግድፈት ይባዛል።

ጥሩ ክሌም ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የራይት ወንድማማቾች ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1903 ማመልከቻውን ራሳቸው ጽፈው አስገቡ፤ የፓተንት ጽሕፈት ቤቱ ግን አልተቀበላቸውም። በ1904 ሃሪ ቱልሚን የተባለ የፓተንት ጠበቃ ያዙ። ቱልሚን ክሌሙን በሞተሩ ላይ አልመሠረተም፤ ትኩረቱ በበረራ ላይ ሚዛን የሚጠበቅበት ዘዴ ነበር። ፓተንቱ በግንቦት 22 ቀን 1906 ተሰጠ። ተፎካካሪያቸው ግሌን ከርቲስ በኋላ አውሮፕላኑን ሲሠራ እንደ ራይቶች ክንፉን አላጣመመም፤ ለብቻቸው የሚንቀሳቀሱ አይለሮን የተባሉ ትናንሽ ክፍሎችን ገጠመ። አሠራሩ የተለየ ቢሆንም የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1914 ለራይቶች ፈረደ፤ ጽሑፉ የያዘው የግራና የቀኙን የክንፍ ጫፍ በተለያየ ማዕዘን የማዋል ሐሳቡን ስለነበር። ክንፉን ማጣመም ብቻ ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ከርቲስ በቀላሉ ያመልጥ ነበር።

ከመጻፉ በፊት ያለው ሥራ ቃለ መጠይቅ ነው። ከፈጣሪው ጋር አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይቀመጣሉ፤ ከዚያ በፊት ግን ቢሮው የተፎካካሪው ጠበቃ ሆኖ እንደማያውቅ መጣራት አለበት፤ ምስጢር ከተሰማ በኋላ የሚገኝ የጥቅም ግጭት ሁለቱንም ደንበኛ ያሳጣል። በቃለ መጠይቁ ላይ ከሁሉ የሚጠቅመው ጥያቄ ምን ሞክረህ አልሠራልህም የሚለው ነው። ያልተሳካው ሙከራ ፈጠራው ለባለሙያ በቀላሉ የሚታይ እንዳልነበረ ያስረዳል። ሐሳቡን ያመነጨው ማን እንደሆነም ተለይቶ መመዝገብ አለበት። የክፍሉ ኃላፊ ስለሆነ ብቻ በፈጣሪነት የሚጻፍ፣ ወይም ዋናውን ሐሳብ አምጥቶ የሚዘለል ሰው ካለ ፓተንቱ ኋላ ሊናጋ ይችላል። የባለቤትነት ማስተላለፊያውም በጽሑፍ ይሁን፤ ሠራተኛው ሥራ ከለቀቀ በኋላ ፊርማ መለመን አድካሚ ነው።

ጽሑፉ ሲጀመር ክሌሙ ይቀድማል፤ መግለጫው ክሌሙን እንዲደግፍ ሆኖ ኋላ ይከተላል። በሥዕሉ ላይ ለክፍሎች የሚሰጡት ቁጥሮች 10፣ 12፣ 14 እያሉ ሁለት ሁለት እየዘለሉ ቢሄዱ ኋላ ለሚጨመር ክፍል ቦታ ይቀራል። ረቂቁ ሲያልቅ አንድ ሌላ መሐንዲስ ይህን አንብበህ ሳትነካው እንዴት ታመልጣለህ ተብሎ ቢሰጠው ይበጃል። የክሌም ብዛትም ዋጋ አለው፤ በአሜሪካ ከ20 በላይ ለሆነ ክሌም ወይም ከ3 በላይ ለሆነ ራሱን የቻለ ክሌም፣ በአውሮፓ ደግሞ ከ16ኛው ጀምሮ ተጨማሪ ክፍያ አለ።

ማመልከቻው ከገባ በኋላ የተገኙትን ቀደምት ሰነዶች የሚዘረዝር የፍለጋ ሪፖርት ይመጣል። በሪፖርቱ ላይ ኤክስ የተባለው ሰነድ ብቻውን አዲስነትን ወይም ፈጠራዊ ብቃትን (ለባለሙያ በቀላሉ የማይታይ መሆንን) የሚያፈርስ ነው፤ ዋይ የተባለው ከሌላ ሰነድ ጋር ተጣምሮ የሚያፈርስ፣ ኤ የተባለው ለጠቅላላ ግንዛቤ የቀረበ። ጀማሪ ኤክስ ሲያይ ይደነግጣል። ሰነዱን ከነሥዕሉ ሲያነቡት ግን መርማሪው አንዱን ክፍል ከሌላው አምታቶ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በአውሮፓ ጽሕፈት ቤት ፈጠራዊ ብቃት የሚመዘንበት መንገድ የታወቀ ነው፤ በጣም የሚቀርበው ቀደምት ሰነድ ይመረጣል፣ ልዩነቱና ልዩነቱ ያስገኘው ውጤት ተለይቶ ችግሩ ይቀረጻል፣ ከዚያ በሙያው መካከለኛ እውቀት ያለው ሰው ያንን ችግር ለመፍታት ወደዚህ መፍትሔ ይሄድ ነበር ወይ ተብሎ ይጠየቃል። «መሄድ ይችል ነበር» በቂ አይደለም።

በቫልቩ ምሳሌ መርማሪው የተለመደ ቫልቭና አየር እያሽከረከረ አቧራ የሚለይ ሳይክሎን የተባለ መሣሪያ አጣምሮ ቢቃወም፣ መልሱ ከቴክኒኩ ነው የሚመነጨው። ሳይክሎን ጠጣሩን ከፍሰቱ አውጥቶ የሚያከማች፣ ለዚያም ረዘም ያለ አካል የሚሻ ነው፤ ቫልቩ ግን መቀመጫውን የሚያጥበው መዝጊያው ሊገጥም በተቃረበበት ቅጽበት ሲሆን ጠጠሩንም አያስቀረውም። ይህን ክርክር በሙከራ ውጤት መደገፍ ይቻላል። ሆኖም ስለ ማጠቡ በመጀመሪያው ማመልከቻ አንዳች ካልተባለ ዘግይቶ የመጣ ማስረጃ ተቀባይነቱ ይቀንሳል። ቀኑም ይሮጣል። በአሜሪካ ለመርማሪው ደብዳቤ መልስ የሚሰጠው ባብዛኛው በ3 ወር ውስጥ ነው፤ እየከፈሉ ከ6 ወር በላይ ማራዘም ግን አይቻልም።

ብዙ ፈጠራ የሚሞተው በቀን ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 የተፈረመው የፓሪስ ስምምነት ከመጀመሪያው ማመልከቻ በኋላ የዚያኑ ቀን ይዞ በሌሎች አገሮች ለማመልከት 12 ወር የቀዳሚነት ጊዜ ይሰጣል። በ1970 በተፈረመው የፓተንት ትብብር ስምምነት በኩል የሄደ ደግሞ ከቀዳሚነቱ ቀን ጀምሮ ባጠቃላይ 30 ወር ድረስ ወደየአገሩ መግባቱን ማዘግየት ይችላል፤ በአውሮፓ ጽሕፈት ቤት 31 ወር ነው። ማመልከቻ ሳይገባ በጉባኤ ላይ የቀረበ ጥናት፣ ለደንበኛ የተላከ ናሙና፣ በኢንተርኔት የተለቀቀ ቪዲዮ በአውሮፓ አዲስነትን ያጠፋል። አሜሪካ ፈጣሪው ራሱ ላወጣው ነገር የአንድ ዓመት ምሕረት ትሰጣለች፤ በዚያ ተማምኖ የተናገረ መሐንዲስ ግን አውሮፓንና እንዲህ ያለ ምሕረት የማይሰጡ ሌሎች አገሮችን ያጣል። ጥበቃው በዓለም ንግድ ድርጅት ስምምነት መሠረት ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 20 ዓመት ነው፤ ዓመታዊ ክፍያው ካልተከፈለ ግን ቀድሞ ይወድቃል።

ሌላው ከፓተንት ጽሕፈት ቤት ውጭ ያለ ከባድ ሥራ አንድ ምርት ገበያ ከመውጣቱ በፊት የሌላ ሰው መብት ይነካ እንደሆነ ማጥናት ነው። የራስ ፓተንት መያዝ ለዚህ ዋስትና አይሆንም። ፓተንት ሌላውን ይከለክላል እንጂ ባለቤቱን ለመሥራት ነጻ አያወጣውም፤ ብዙ መሐንዲሶች ይህን ሲሰሙ ማመን ያቅታቸዋል። ኮዳክ ፎቶ ወዲያው የሚያወጣውን ካሜራ ሲቀርጽ በየደረጃው የፓተንት ጠበቃ ያማክር ነበር። ያም ሆኖ ተፎካካሪው ፖላሮይድ እ.ኤ.አ. በ1976 ከሰሰው፣ በ1985 ጥሰቱ ተረጋገጠ፣ በ1986 መጀመሪያ ኮዳክ ከዚያ ገበያ ወጣ፣ በ1990 ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ተፈረደበት። ዳኛው ግን ጥሰቱ ሆን ተብሎ የተደረገ አይደለም ብለው ካሳውን በሦስት እጥፍ ከማብዛት ተቆጠቡ፤ ኮዳክ የጠበቃውን ምክር በቅንነት ተከትሏልና። ጥንቃቄ የተሞላበት ጥናት ጉዳዩን ባያሸንፍ እንኳ ይህን ያህል ያድናል።

የንግድ ምልክት፣ የቅጂ መብት፣ የንግድ ምስጢርና የፈቃድ ውል ሥራዎችም በዚሁ ሙያ ውስጥ አሉ፤ ምህንድስና ያልተማረ ጠበቃም የሚሠራቸው ስለሆኑ አናስረዝምባቸውም። ፍርድ ቤት ላይ መቆም ደግሞ የጥብቅና ፈቃድ ይጠይቃል። የሕግ ዲግሪው የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ መንገዱ። በአሜሪካ በሳይንስ ወይም በምህንድስና የተመረቀ ሰው ሕግ ሳይማር ለፓተንት ጽሕፈት ቤቱ ፈተና መቀመጥ ይችላል፤ 100 የምርጫ ጥያቄ፣ 6 ሰዓት፣ ማለፊያው 70 በመቶ። ያለፈ የፓተንት ወኪል ይባላል፤ ማመልከቻ ይጽፋል፣ ከመርማሪ ጋር ይከራከራል፣ በፍርድ ቤት ግን አይቆምም። የአውሮፓ ፈተናም የሳይንስ ወይም የቴክኒክ ዲግሪና ባብዛኛው ቢያንስ 3 ዓመት በባለሙያ ሥር መሥራትን ይጠይቃል እንጂ የሕግ ዲግሪን አይደለም። ሕንድም ለፓተንት ወኪልነት የምትጠይቀው የሳይንስ፣ የምህንድስና ወይም የቴክኖሎጂ ዲግሪ ነው።

ከዚህ በመነሣት ምክራችን ከጽሑፋችሁ ይለያል። የምህንድስና ተመራቂ ወዲያው ወደ ሕግ ትምህርት ባይሮጥ ይሻለዋል። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ዓመት በመሐንዲስነት ይሥራ፤ ማሽን ለምን እንደሚሰበር፣ ናሙና ከፋብሪካ ምርት በምን እንደሚለይ በክፍል ውስጥ አይገኝምና። ቀጥሎ የፓተንት ቢሮ ውስጥ ረዳት ወይም የቀደምት ሰነድ ፈላጊ ሆኖ ይግባ፤ ከፈጠራ መርማሪነት የሚጀምሩም አሉ። ረቂቁ በቀይ እየተሰመረበት ሲመለስለት ሥራው እንደሚስማማው ወይም እንደማይስማማው በአንድ ዓመት ውስጥ ያውቃል። ሕጉን ከዚያ በኋላ ቢማር ለምን እንደሚማር ገብቶት ይማራል። ቼስተር ካርልሰን ፊዚክስ ተምሮ፣ በአንድ ፋብሪካ የፓተንት ክፍል እየሠራ ነበር ሕግ በማታ የተማረው። የፓተንት ሰነድ በእጅ መገልበጥና በፎቶግራፍ ለማባዛት መክፈል ስለመረረው እ.ኤ.አ. በ1938 የመጀመሪያውን ደረቅ የፎቶ ኮፒ ምስል አወጣ።

የትምህርት ዘርፍም ልዩነት አለው። በኤሌክትሪክ፣ በኮምፒውተርና በሜካኒካል ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ በብዙ ቦታ ይበቃል፤ በመድኃኒት ኬሚስትሪና በባዮቴክኖሎጂ ግን ቢሮዎች ባብዛኛው የዶክትሬት ዲግሪ ይፈልጋሉ። ሶፍትዌር ላይ የሚሠራ ሰው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 በአሊስ ጉዳይ የሰጠውን ውሳኔ ጠንቅቆ ማወቅ አለበት፤ ረቂቅ ሐሳብን በኮምፒውተር አስሠራሁት ማለት ከዚያ ወዲህ ፓተንት አያስገኝም።

ሥራው ብቻን መቀመጥን፣ መጻፍን፣ ሰዓትን መቁጠርንና ቀነ ገደብን መሸከምን ይፈልጋል። ሰው መሃል ሆኖ መከራከርን የሚወድ ይጨነቅበታል። ለመሞከር የሚሻ ወጣት ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ዛሬውኑ መጀመር ይችላል። በአውሮፓ የፓተንት ጽሕፈት ቤት ነጻ የመረጃ ቋት በኤስፓስኔት ላይ፣ ከተማረው ዘርፍ ጊዜው ያለፈበት አንድ አጭር ፓተንት ይፈልግ። ክሌሙን ሳያይ መግለጫውንና ሥዕሉን ብቻ ያንብብ፤ ከዚያ አንደኛውን ክሌም በራሱ ይጻፍ፣ ከ150 ቃል ባይበልጥ። ጽፎ ሲጨርስ ማመልከቻው መጀመሪያ ሲገባ የነበረውን ክሌም ይክፈትና ከራሱ ጋር ቃል በቃል ያስተያይ፦ የትኛውን ያለ ምክንያት ጨመርኩ፣ የትኛውን ሳላስተውል ተውኩ። በመጨረሻም በመጨረሻ የጸደቀውን ክሌም አጠገቡ አድርጎ መርማሪው ያስጨመረውን ቃልና ለዚያ ምክንያት የሆነውን ሰነድ ከፍለጋ ሪፖርቱ ያግኝ። አሥር ፓተንት እንዲህ ካደረገ በኋላ ወደ ሕግ ትምህርት ቤት የመሄዱን ነገር ይወስን።

ከአክብሮት ጋር፣
በአእምሯዊ ንብረት ሥራ ላይ ያሉ አንባቢዎቻችሁ